ፍራንክፈርት ላይ ያስታጎልኩት ቅዳሴ

ጉለሌ፣ ጎህ ሳይቀድ

ሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ታክሲው ነው። ባለቤቴ ቄስ ምትኩ ከማታ ጀምሮ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ነው ያደሩት። እኔ ተኝቻለሁ፤ የሰው ልጅ የሚተኛበት ሰዓት ስለሆነ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም፣ ጥሏቸው እንደሚሄድ ግን ከወዲሁ እርግጠኛ ናቸው።

ቄሱን በሰው ፊት አንቱ እላቸዋለሁ። ለብቻችን ስንሆንም አንቱ እላቸዋለሁ። ሲያናድዱኝ ደግሞ አንቱታዬ ይበረታል። በዚህ ጉዞ ብዙ በርትቷል።

የጉዞው ነገር እንዲህ ነው። ፍራንክፈርት ያሉት ምእመናን ሁለተኛው ቄሳቸው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱባቸው። ቅዳሴ ደግሞ በሁለት ቄስና በሦስት ዲያቆን ነው፤ አንዱ ከጎደለ የለም። የገና በዓል እየደረሰ፣ ቄስ እየጎደለ ጭንቅ ሆነ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር አቶ ግርማ የጎረቤታችን የአቶ በላይ ወንድም ነው። «ቄስ ምትኩ ለበዓሉ ቢደርሱልን» ብሎ ላከ፤ ቪዛውንም ትኬቱንም እነሱ ጨረሱ። ለእኔም የተቆረጠልኝ ቄሱ «ያለ አስካለ አልንቀሳቀስም» ስላሉ ነው። ፍቅር እንዳይመስላችሁ። መርፌያቸውን የምይዘው እኔ ነኝ።

መርፌው የስኳር ነው። ባለፈው ዓመት እዚሁ ደብራችን በቅዳሴ መሐል ተዝለፍልፈው ወደቁ። የደብሩ አለቃ አስጠርተው «አባታችን፣ ከእንግዲህ ጸሎተ ኪዳን ያድርሱ፤ ቅዳሴውን ለወጣቶቹ ይተዉላቸው» አሏቸው። በጨዋ ቋንቋ ከመቅደስ ወጡ ማለት ነው። ቀዳሽ ቄስ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ ስኳር ያለበት ሰው መርፌ ተወግቶ እንዲህ ከዋለ ደግሞ ምን እንደሚሆን ሐኪሙ አልሸሸገንም። «አንድ ቀን ወድቀው አይነሱም» አለ፣ እኔን እያየ፣ እኔ የምቀድስ ይመስል።

ታክሲው ሲንቀሳቀስ ቄሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ስለ ስኳሬ እዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

«ቢጠይቁኝስ?»

«አንቺን ማን ይጠይቅሻል?»

እውነታቸውን ነው። የቄስ ሚስት የምትጠየቀው ምግቡ ደርሷል ወይ ተብላ ነው።

ፍሉግሃፈን

ርካሽ ትኬት ስለሆነ በሌላ አገር ዞረን፣ እዚያም ወንበር ላይ አንቀላፍተን፣ በማግስቱ ፍራንክፈርት ወረድን። እዚህ ያለው አበሻ አውሮፕላን ማረፊያውን «ፍሉግሃፈን» ነው የሚለው። ግማሹም እንጀራው እዚያው ነው፤ ሻንጣ ይጭናል፣ ምግብ ያሰናዳል፣ ይጠብቃል፣ ያጸዳል። በረጅሙ መተላለፊያ ስንሄድ አንዲት የእኛ አገር ሴት የቄሱን ቆብ አይታ መወልወያዋን ጥላ መጣች፣ መስቀል ተሳለመች፣ ዐይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወለሉ እርጥብ ነውና በዳር በዳር ሂዱ አለችን።

አቶ ግርማ መውጫው ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ሆኽስት የሚባል ሰፈር ባለ ኬሚካል ፋብሪካ ዕድሜውን ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ራሰ በራ፣ ንጹሕ ሰው ነው። ሻንጣችንን ተቀበለና «መኪና አለኝ፣ ግን እዚህ ማቆሚያው አይቀመስም፤ በባቡር እንሄዳለን» አለ። መጀመሪያ ሻይ ጋበዘን። አንዱ ሻይ አራት ዩሮ ተኩል። ወደ ብር መታሁትና ሁለተኛ እንዳላሰላ ለራሴ ማልኩ። ማታውኑ መሐላዬን አፈረስኩ።

ባቡር ጣቢያው ላይ ቆምን፣ ቆምን፣ አሁንም ቆምን። ብርዱ በጫማ ሶል በኩል ይገባል።

«የጀርመን ባቡር ሰዓት ይሞላበታል ሲሉ እሰማ ነበር» አልኩት።

«እሱ ድሮ ነው እትዬ አስካለ። አሁን ፈርሽፔቱንግ ነው።»

ፈርሽፔቱንግ መዘግየት ማለት ነው። ከጀርመንኛ መጀመሪያ የለመድኩት ቃል እሱ ነው። ቄሱ ግን ባቡሩ ቀረ መጣ ጉዳያቸውም አይደለም። ሐዲዱን እያዩ በአፍንጫቸው ዜማ ያንጎራጉራሉ። ለዓመት ያህል ያላየሁት ፊት ነው፤ እንደ ሙሽራ በርቷል። ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ኒድ፣ የፈረንጆቹ ገና

የእነ ግርማ ቤት ኒድ የሚባል ሰፈር ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ያለ ሊፍት። ሚስቱ ሮማን ፍሉግሃፈን የጠዋት ፈረቃ ጽዳት ትሠራለች። እጇ ሙቅ፣ ልቧ ሩህሩህ፣ ሕጓ ብዙ። የመጀመሪያውን ቀን የተማርኩት ስለ ቆሻሻ ነው። ወረቀት ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ፣ የምግብ ትራፊ ለብቻ፣ የቀረው ለብቻ፤ ጠርሙስ ደግሞ በቀለሙ። እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ የሻይ ቅጠል ከረጢት ይዤ አራት ባልዲ ፊት ቆሜ ክሩ የት፣ ቅጠሉ የት፣ ወረቀቱ የት እያልኩ ፈዘዝኩ።

እሑድ ለት ነጭ ሽንኩርት ልወቅጥ ዘነዘናውን ሳነሳ ሮማን ከመኝታ ቤት እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ ዛሬ ሶንታግ ነው። ሩሄ ነው። ታች ያለችው ሴትዮ ትከሰናለች።»

ሩሄ ጸጥታ ነው። እሑድ አይወቀጥም፣ አይመታም፣ ጠርሙስ እንኳ ሄዶ አይጣልም። ሰንበትን እናከብራለን ብለን የምንታበይ እኛ ነን፤ አክባሪ ያየሁት እዚህ ነው። ሽንኩርቱን በቢላ ጀርባ እንደ ሌባ ደቆስኩት።

የፈረንጆቹ ገና ደረሰ። እኛ ጾም ላይ ነን። የእነ ግርማ ልጆች ከነቤተሰባቸው መጡ፤ ዛፉ በራ፣ ዝይ ከምድጃ ወጣ፣ ቀይ ጎመን ተቀቀለ። ቄሱና እኔ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ምስር ይዘን ተሰየምን። የግርማ ትንሿ የልጅ ልጅ ትክ ብላ አየችን፤ በጀርመንኛ አያቷን ጠየቀች። ሮማን ተርጉማ ነገረችን፤ «እነዚህ ሰዎች ምን አጥፍተው ነው ሥጋ የተከለከሉት» ነው ያለችው።

ግርማ የዝይ ቅልጥም በእጁ ይዞ «እኛ እንኳ ለልጆቹ ብለን ነው» አለ።

«ይስማማችሁ» አሉ ቄሱ።

«እውነቴን ነው አባ፤ ለልጆቹ ነው።»

ልጆቹ ሰላጣ ይበላሉ። ምን እንበል፤ ፍራንክፈርት ሁለት ገና አለ፣ አንዱ የሚበላበት፣ አንዱ የሚጾምለት። ግርማ ሁለቱንም ያከብራል።

ቄሱ ከመብላታቸው በፊት ቦርሳ አንጠልጥለው መታጠቢያ ቤት መግባታቸውን ሮማን ልብ ሳትል አልቀረችም። «አባ ደኅና ናቸው?» አለችኝ ሳህን ስናጥብ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቅኩት ያኔ ነው። «ጥርሳቸውን ነው» አልኳት። ውሸት ለቄስ ሚስት እንዴት እንደሚቀል ገርሞኝ አደርኩ።

ኒዳ ወንዝ ዳር

ከዘመን መለወጫቸው በኋላ አንድ ጠዋት ቄሱን ወንዝ ዳር ይዣቸው ወጣሁ። ኒዳ ትባላለች፤ ወንዝ ይሏታል እንጂ እኛ ጋ ቢሆን ስም አይወጣላትም። ዳር ዳሩን ሰው ይሮጣል፤ ማንም አያሳድደውም፣ ግን ይሮጣል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥንና ያሰብኩትን አወጣሁት።

«ለቀሲስ ዳንኤል ይንገሯቸው።» ቀሲስ ዳንኤል የዚህ ደብር ቄስ ናቸው። ጎልማሳ፣ ታታሪ፣ በሳምንቱ ቀናት ሻንጣ የሚጭኑ፣ በእሑድ የሚቀድሱ።

«ነግሬ ምን ላድርግ? ሁለተኛ ቄስ ከየት ያመጣል?»

«ከፈለገ ከሰማይ ያውርድ። ሐኪሙ ያለውን ረሱት?»

ወንዙ ላይ ያሉትን ዳክዬዎች አዩ። ከዚያ ድምፃቸው እንግዳ ሆኖ ወጣ።

«አስካለ፣ እዚያ በሩን ዘግተውብኛል። ከልጅነቴ የቆምኩበትን መቅደስ ከመጋረጃው ውጭ ሆኜ ነው የማየው። እዚህ እግዚአብሔር ከፈተልኝ። አንድ ገና ነው የለመንኩሽ።»

አንጀቴን በሉት። ተነሳሁ። እግረ መንገዴን መድኃኒት ቤት ገባሁና የከረሜላ ከረጢት ገዛሁ፤ ሐኪሙ ስኳሩ ሲወርድባቸው ይውሰዱት ያለው ዓይነት፣ ቶሎ የሚሟሟ።

የገና ዋዜማ

ቤተ ክርስቲያኑ የፈረንጆች ነው፤ የእኛ ሰዎች ተከራይተው ነው የሚገለገሉበት። ትልቅ፣ ረጅም፣ ቀዝቃዛ። ማሞቂያው የተፈቀደው ለራሳቸው ሰዓት ስለሆነ በእኛ ሰዓት ግድግዳው በረዶ ነው። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከበሮ ክልክል ነው፤ ሩሄ አለ። ስለዚህ ማኅሌቱ በቀን ተጀምሮ፣ ቅዳሴው አመሻሽ ላይ ገብቶ፣ ከአራት ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። ጌታ በሌሊት ተወለደ ተብሎ ተጽፏል፤ ፍራንክፈርት ላይ ግን ቶሎ ካልተወለደ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል።

አትሳቁ፤ ሰዉ ለዚህች ምሽት የከፈለውን ላውራላችሁ። በዓሉ የሥራ ቀን ላይ ነው የዋለው። አንዱ ዲያቆን የፈረንጆቹን ገና ሌሊቱን ሙሉ ለባልደረባው ሠርቶለት ነው ይህችን ምሽት በለውጥ ያገኘው፤ ከነሚያንጸባርቅ የሥራ ሰደርያው ነው የደረሰው። ሮማን ፈቃዷን ከፈረንጆቹ በጋ ጀምራ ነው የጠየቀችው። አጠገቤ የቆሙት ወይዘሮ ለተብርሃን፣ የአስመራ ሰው ናቸው፣ አማርኛ የተማሩ፣ ካሰል ከሚባል ሩቅ ከተማ በባቡር መጥተዋል። ጾሙን ሙሉውን ጾመው፣ ንስሐ ገብተው፣ ዛሬ ሊቆርቡ ነው። «ከባሌ ሞት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው» ብለውኛል።

ቄሱ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም። መርፌያቸውን ወግተዋል። እኔ ከሴቶቹ ጎን ቆሜ ከእሳቸው ዐይኔን አልነቅልም፤ ጸሎት ላይ ነች ብለው ያሰቡ ካሉ እግዜር ይስጣቸው።

ማኅሌቱ ሊያልቅ ሲል ነው ያየሁት። ሰዉ ሁሉ ከነጠላው ሥር ካፖርት ደርቧል፣ ሲተነፍስ ጭስ ይወጣዋል። የቄሱ ግንባር ግን ላብ በላብ ነው። ጸናጽላቸው ከከበሮው ወደ ኋላ ቀረ። አንዲት ቃል ደገሙ፤ ደግሞ ደገሙ፤ ዲያቆኑ ቀና ብሎ አያቸው። ከንፈራቸውን ላሱ። አምና ከመውደቃቸው በፊት ልክ እንዲህ ነበሩ።

ማኅሌቱ ተፈጸመ፤ ቀሲስ ዳንኤል ልብሰ ተክህኗቸውን ማጥለቅ ጀመሩ። ቅዳሴ ከተገባ በኋላ መውጣት የለም። ቄሱ አንዲት ከረሜላ ቢቀምሱ መቀደስ አይችሉም፤ እሳቸው ካልቀደሱ ቄስ ይጎድላል፤ ቄስ ከጎደለ የዚህ ሁሉ ሰው ገና ይታጎላል። ባይቀምሱ ደግሞ እዚያ መጋረጃ ውስጥ፣ እኔ በማልገባበት ቦታ፣ ወድቀው ይቀራሉ። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። እግሬ ግን ምክር ሳይጠይቀኝ ሄደ። ከሴቶቹ ጎን ወጥቼ፣ በወንዶቹ መሐል አልፌ፣ ከረሜላውን ይዤ ቄሱ ፊት ቆምኩ።

«ይብሉ» አልኳቸው።

ዐይናቸው እኔን ለማወቅ ጊዜ ወሰደ። «ምን እየሠራሽ ነው?»

«ይብሉ ብያለሁ።»

«ገናው…»

«ገናው ይቅር።»

እጃቸው ከረሜላውን መያዝ አልቻለም። ጥርሳቸውን ገጠሙ። በጣቴ ከፍቼ አፋቸው ውስጥ ከተትኩት፣ ደገምኩ፣ ሦስተኛም። ለሕፃን እንደሚደረገው። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞርኩ።

«ስኳር አለባቸው። ቄሱ አይቀድሱም።»

ያ ቤት ለኦርጋን ድምፅ የተሠራ ነው ለካ። በቀስታ የተናገርኩት ጣሪያው ድረስ ሄዶ ተመለሰ፤ አይቀድሱም፣ አይቀድሱም። ቀሲስ ዳንኤል አንድ እጃቸው ካባው ውስጥ፣ አንዱ ውጭ እንደሆነ ቀሩ። ግርማ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ራሱን ነቀነቀ። በገና ዋዜማ ትርፍ ቄስ መፈለግ በዝናብ ቀን ባዶ ታክሲ እንደ መፈለግ ነው። ከኋላዬ አንዱ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» አለ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም፤ እንድሰማ ነው። ሰማሁ።

ቀሲስ ዳንኤል የልደቱን ወንጌል አነበቡ፣ ሰዉ ዘመረ፣ ቅዳሴ ግን የለም ተባለ፤ ቁርባንም የለም። ቄሱ ማንም ሳይረዳቸው፣ ማንንም ሳያዩ መጥተው የኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ላባቸው ደርቋል፣ ፊታቸው ተመልሷል። እንግዲህ ጉዴን ልናገር። ካገቡኝ አርባ ዓመት አልፏል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ገናን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን አናውቅም። እሳቸው መቅደስ ውስጥ፣ እኔ ሴቶች በኩል ነን። ያን ሁሉ ሰው በዓሉን ነጥቄ፣ ትከሻቸው ትከሻዬን ሲነካ ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ክንዳቸውን ሰበሰቡ።

ስንወጣ ሁሉም ዶሮ ወጡን በየድስቱ እንደታቀፈ ወደ ባቡሩ ሄደ፤ ቅዳሴ ይቀራል እንጂ ዶሮ አይቀርም። ወይዘሮ ለተብርሃን በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ተቀይሜሻለሁ» አሉኝ። «አልዋሽሽም፤ ከካሰል ድረስ ነው የመጣሁት።»

«ይገባዎታል።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ ብሆንም አደርገው ነበር። መቀየሜ ግን አይቀርም።» ከዚያ ግራና ቀኝ ሳሙኝና ባቡራቸው እንዳያመልጣቸው ሄዱ።

የመልስ ጉዞ

ለጥምቀት እንድንቆይ የታሰበው «ለአባታችን ጤንነት ሲባል» ተሰረዘ። ግርማ ትኬቱን ሲያስቀይር ፊቴን ማየት አልቻለም፤ ይሉኝታው አላሳርፍ አለው። ሮማን ብቻ ነች ያቀፈችኝ። «ጥርሳቸውን ነው ብለሽ» አለችኝና ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። አንቱታው ጠፍቶ አንቺ ማለቷን ያኔ ሁለታችንም ልብ አላልንም።

ቄሱ አኮረፉኝ። ማኩረፍ ብዬ ስላችሁ ተራ ኩርፊያ አይደለም። ኒድ እያለን፣ ባቡር ላይ፣ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ውስጥ፣ ከአፋቸው የወጣው ሦስት ቃል ነው፤ «መርፌ»፣ «ካልሲ»፣ «እሺ»። እኔም ማኩረፍ አያቅተኝም፤ ነገር ግን ኩርፊያ አጋር ይፈልጋል፣ እሳቸው ደግሞ ብቻቸውን ይዘውታል። ደመናው በመስኮት ሲያልፍ «አንድ ገና ነው የለመንኩሽ» ያሉት ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። ዳግመኛ መቅደስ እንደማይገቡ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። የመጨረሻዋን ከአፋቸው ነጥቄያለሁ። ይቅርታ ብል ውሸት ነው፤ አላልኩም።

ጉለሌ ስንደርስ ረፋድ ነው። ሻንጣ ሳንፈታ ጎረቤት ሞላ። አቶ በላይ ነበሩ፣ የደብሩ አለቃም እንኳን ደኅና ገባችሁ ሊሉ መጥተዋል። ወንበር ተጎተተ፣ ሻይ ቀረበ፣ ስለ ብርዱ ተጠየቅን፣ ስለ ባቡሩ መለስኩ። ቄሱ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ከዚያ የፈራሁት መጣ።

«ታዲያ አባታችን፣ ገናን እንዴት አድርገው ቀደሱላቸው?» አሉ አለቃው።

የሻይ ትሪዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ቄሱ ይዋሻሉ ብዬ ተሳቀቅኩ፤ እውነቱንም ይናገራሉ ብዬ ተሳቀቅኩ።

«አልቀደስኩም» አሉ። «ማኅሌቱ ላይ ሊጥለኝ ሲል አስካለ ከሰው መሐል ገብታ ስኳር አቃመችኝ። ቅዳሴው ታጎለ።»

አለቃው ወደ እኔ ዞሩ፣ ሌላውም ዞረ። ያንን ተረት ደግሞ ሊተርቱብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«እንዲህ አትዩአት» አሉ ቄሱ። «እሷ ባትኖር ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁት ለለቅሶ ነበር።»

ከዚያ ብርጭቆአቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «አስካለ፣ ሻይ ጨምሪልኝ እስቲ። ያለ ስኳር።»

ጨመርኩላቸው። ትሪውን አስቀምጬ ጓዳ ገባሁና በሩን መለስኩት፤ ሽንኩርት ሳልልጥ፣ ምንም ሳላመካኝ፣ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።